«ሥልጣን የለውም» ተብሎ የሚዘጋ መዝገብ

አዲስ አበባ ጠመንጃ ያዥ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አረፉ እንበል። ሰልስቱ አልፎ፣ አርባው ወጥቶ፣ ሽማግሌዎች ልጆቹን ማስማማት ሲያቅታቸው ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። እናት የተዉት ንብረት ብዙ አይደለም፤ ካርታ ያለው አንድ ግቢ፣ እዚያው አቅራቢያ ለዓመታት ተከራይተው የያዙት የቀበሌ ቤት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከወላጆቻቸው የደረሳቸው ቤት፣ ባንክ ያስቀመጡት ጥቂት ገንዘብ። ልጆቹ ደግሞ ተበታትነዋል። የመጨረሻው ልጅ ከእናቱ ጋር ግቢው ውስጥ ኖሯል፣ ታላቅ እህቱ ሐዋሳ ትሠራለች፣ መካከለኛዋ አሜሪካ ሄዳ ዜግነቷን ለውጣለች። ቤተሰቡ በምናባችን የፈጠርነው ነው፤ ልደታ ፍርድ ቤቶች ግቢ በር ላይ ለግማሽ ቀን የቆመ ሰው ግን ይህን የመሰለ ታሪክ ሳይሰማ አይመለስም።

ልጆቹ የሚያስቡት ለማን ስንት እንደሚደርስ ነው። ጠበቃቸው አስቀድሞ የሚያስበው ግን ክሱ የት እንደሚቀርብ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ለማግኘት አቤቱታው የሚቀርበው ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት ነው፤ የከተማዋ ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ይህን የመሰሉ ማረጋገጫዎች የመስጠትን ሥልጣን ለከተማው ፍርድ ቤት ሰጥቷል። ማረጋገጫው ከተገኘ በኋላ «ድርሻዬን ስጠኝ» የሚለው ክርክር ሲነሣ ግን በቻርተሩ አደላደል ጉዳዩ ከከተማው ፍርድ ቤት ይወጣና ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይሄዳል። የቀበሌው ቤት ነገር ተመልሶ የከተማው ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ የከተማው አስተዳደር የሚያስተዳድራቸው የመንግሥት ቤቶች ክርክር የእርሱ ነውና። እናት ሌላ ቤት ኖሯቸው በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ አላግባብ ተወስዶባቸው ከነበረ፣ ያን ቤት ለማስመለስ የሚቀርበው አቤቱታ በአዋጅ ቁጥር 110/1987 መሠረት ለዚያን ጊዜው ፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ የተተወ ነበር። መደበኛ ፍርድ ቤት ሄዶ ባለቤትነቴ ይታወቅልኝ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ጉዳዩ ለዚህ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አይደለም» የሚል ነው።

ደብረ ብርሃን ያለው ቤት የራሱ ጣጣ አለው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 25 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ክስ ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 ደግሞ ውርስ የሚከፈተው ሟች በሞቱ ጊዜ ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ስፍራ ነው ይላል፤ ይኸውም አዲስ አበባ መሆኑ ነው። ታዲያ ይህ ክስ ስለ ቤት የቀረበ ነው ወይስ ስለ ውርስ? እንደ ክሱ አጻጻፍ ይለያያል። አሜሪካ ያለችው እህት ስትከስ ወይም ስትከሰስ ደግሞ «የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ ጥያቄ ስላለበት ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ ማየት ያለበት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው» የሚል መቃወሚያ ይጠበቃል። አንዲት እናት ሞተው ልጆቻቸው እስከ አራት ተቋም ደጅ ሊጠኑ ይችላሉ ማለት ነው።

በድሮው ዘመን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው ነጠላቸውን ከተቋጠሩ ያለፈ ያገደመ ትልቅ ሰው ዳኛ ይሆንላቸው ነበር፤ የማያረካ ዳኝነት ሲሆን ደረጃ በደረጃ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይግባኝ ይባላል። ሠፈሩ በጠመንጃ ያዦች ስም በሚጠራበት በዚያ ዘመን ከተማዋ ገና ለጋ ሳለች፣ በ1900 ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የያዙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 የፍርድ ቤቶችን ደረጃ ለየ፤ ትንሽ ቆይቶ የመጣው አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ ጉዳይ ያይ ጀመር። በገንዘብ ልክ ፍርድ ቤት መለየት እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የለመድነው ነገር ነው።

አሁን የምንሠራበት የሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው በ1958 ነው። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን እዚሁ በፍትሕ ሚኒስቴር ተረቅቆ በድንጋጌ የታወጀ ነው። በብዙ ቦታው ሞዴሉ እ.ኤ.አ. የ1908ቱ የሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ዝምድናቸውን ወዲያው ያየዋል። ለዚህ ጽሑፍ ይህ የዘር ሐረግ ይጠቅመናልና ይያዝልን። ሕጉ በወጣ ጊዜ የወረዳ ግዛት ፍርድ ቤት እስከ 500 ብር፣ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ከሆነ እስከ 1,000 ብር ያይ ነበር፤ የአውራጃ ግዛት ፍርድ ቤት እስከ 5,000 እና 10,000 ብር። ዛሬ አውራጃ ግዛት የሚባል ፍርድ ቤት የለም። ድንጋጌው ግን መጽሐፉ ውስጥ እንዳለ አለ፤ የሕግ ተማሪ መጀመሪያ ያጠናውና ቀጥሎ «ይህ ተሽሯል» ይባላል።

ሌሎቹ ሕጎች ታድሰዋል። የቤተሰብ ሕጉ በ1992፣ የወንጀል ሕጉ በ1996፣ የንግድ ሕጉ በ2013 በአዲስ ተተኩ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን በላዩ ላይ አዋጅ እየተደረበበት ኖሯል። በ1988 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25 የመጀመሪያ ደረጃውን ፍርድ ቤት ሥልጣን በ500,000 ብር ወሰነው፤ በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 ጣሪያውን ወደ 10 ሚሊዮን ብር አሳደገው። ዕድገቱ ትክክል ነው፤ በ500,000 ብር ቢቆይ ኖሮ የአዲስ አበባን የቤት ክርክር ሁሉ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በተሸከመው ነበር። ሆኖም 10 ሚሊዮኑም ቢሆን ለአዲስ አበባ ግቢ ሩቅ ቁጥር አይደለም። ጠመንጃ ያዥን በመሰለ የመሀል ከተማ ሠፈር ካርታ ያለውን ግቢ ከሳሽ 9 ሚሊዮን ብሎ ከገመተው አንድ ፍርድ ቤት፣ 11 ሚሊዮን ብሎ ከገመተው ሌላ ፍርድ ቤት ነው። የክሱ ግምት የይግባኙን ጉዞም ይወስናል፤ ከመጀመሪያ ደረጃ የተነሣ ጉዳይ ይግባኙ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል፣ ከከፍተኛ የተነሣው ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ጠበቆች ግምት ሲጽፉ ይህን አይረሱትም፤ የዳኝነት ክፍያውንም እንዲሁ። በ1945 የወጣው የዳኝነት ክፍያ ደንብ ቁጥር 177 ክፍያውን ከግምቱ ጋር አያይዞ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ መገመት ሁለት ጥቅም አለው፤ ተከሳሽም ግምቱ አንሷል ብሎ የመቃወሚያ መነሻ ያገኝበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ስሕተትን የሚያይበት ዓይን ሁለት ዓይነት ነው። ከሳሽ የሳተው ቦታውን ከሆነ፣ ማለትም ደብረ ብርሃን መክሰስ ሲገባው ልደታ ከከሰሰ፣ አንቀጽ 10 ይታገሠዋል፤ ተከሳሽ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካልተቃወመ እንዳለፈው ይቆጠራል፣ የተጓደለ ፍትሕ እስከሌለ ድረስም ፍርዱ በዚህ ምክንያት አይፈርስም። የሳተው የፍርድ ቤቱን ዓይነት ወይም ደረጃ ከሆነ ግን አንቀጽ 9 ይመጣል፤ ይህን ሕግ ዐዋቂዎች የሥረ ነገር የዳኝነት ሥልጣን ይሉታል። ማንም ባይቃወምም፣ ክርክሩ የትም ደረጃ ላይ ቢደርስ፣ ፍርድ ቤቱ በራሱ አንሥቶ ጉዳዩን መተው አለበት። ይህ ጥንካሬ ምክንያት አለው። ሕግ ያልሰጠውን ሥልጣን ተከራካሪዎች ተስማምተው ለፍርድ ቤት መስጠት አይችሉም፤ ቢችሉማ ኖሮ የከተማው ፍርድ ቤት የኪራይ ክርክር ትቶ የአክሲዮን ክርክር ሲያይ ባደረ ነበር።

ችግሩ የአንቀጽ 9 ጥንካሬ ከአንቀጽ 320 ጋር ሲገናኝ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ላይ በተሰጠ ብይን ላይ ወዲያው ይግባኝ ማለት አይቻልም፤ ተከራካሪው ዋናው ፍርድ እስኪሰጥ ይጠብቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በየብይኑ ይግባኝ ቢባል ክስ አያልቅም። ነገር ግን አስቡት። የመጨረሻው ልጅ ጠበቃ «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም» አለ፤ ዳኛው አልተቀበሉትም። ምስክር ተሰማ፣ የከተማው መሬት ቢሮ ማስረጃ ተላከ፣ ባለሙያ ግቢውን ገመተ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተጨመረ፣ ፍርድ ተሰጠ። ይግባኝ ሰሚው አጸና። ከዚያ ሰበር ሰሚ ችሎት «ጉዳዩ ከመነሻው ለዚያ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አልነበረም» ብሎ የሁለቱንም ፍርድ ሻረ። ጉዳዩ ዜሮ ሆነ። በሰበር ሰሚ ችሎቱ የታተሙ የውሳኔ ቅጾች ውስጥ ስለ ዳኝነት ሥልጣን የተሰጡት ውሳኔዎች ብዙ ናቸው፤ በከተማውና በፌዴራሉ ፍርድ ቤት መካከል የተነሣ ክርክርም በየቅጹ ይገኛል። ዳኞች እንኳ በማይስማሙበት ነገር ላይ፣ የክሱን ማመልከቻ ኮምፒውተር ቤት ያስጻፈ ሰው እንዲያውቅ መጠበቅ ከባድ ነው።

ይህን በቀላሉ የምናልፈው ስሕተቱ በመጀመሪያው ቀን ከታየ «ሌላ ፍርድ ቤት ሄዶ ይክሰስ» ስለምንል ነው። እርግጥ አንቀጽ 231 ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ከሌለው የክስ ማመልከቻውን እንዳይቀበል ያዛል፤ ውድቅ መደረጉ በአዲስ ክስ ከመቅረብ እንደማያግደውም ሕጉ ይናገራል። የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎችን በሚዘረዝረው አንቀጽ 244 መሠረት በኋላ የሚዘጋ መዝገብም እንዲሁ መብቱን አያጠፋም። ወረቀት ላይ ምንም አልጠፋም። ቀን ግን ጠፍቷል። ከውል ውጭ በሚደርስ ጉዳት የካሣ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ሁለት ዓመት ነው። የሌላውን ውርስ አላግባብ በያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1000 ከሦስት ዓመት በኋላ ይታገዳል። ክስ ማቅረብ ይርጋን ያቋርጣል ይላል የዚያው ሕግ አንቀጽ 1851፤ ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ ያቋርጣል ወይ የሚለውን ግን የተከሳሽ ጠበቃ ሳያነሣ አያልፍም። አንድ መዝገብ ከተዘጋ በኋላ ያለው ክርክር እንግዲህ ስለ ርስት ወይም ስለ ካሣ አይሆንም፣ ስለ ቀን ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ጠበቆቻችን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። የተከሳሽ መልስ ሲጻፍ ሦስት መቃወሚያ ከፊት መደርደር ልማድ ሆኗል፤ ሥልጣን የለውም፣ በይርጋ ታግዷል፣ የክስ ምክንያት የለውም። ከሦስቱ አንዱም የማይሠራ ቢሆን እንኳ ይጻፋል፣ ቀጠሮ ይበላልና። ብይን እስኪሰጥ ድረስ ያለው ጊዜ ለተከሳሽ ነጻ ስጦታ ነው። ሕጉ ለከንቱ መቃወሚያ ወጪ ማስከፈል እንደሚቻል ቢናገርም ያንን በተግባር የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ መዝገቡን ከመዝጋት ማዛወር አይሻልም? ሕጋችን ማዛወርን ያውቃል። አንቀጽ 31 ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሥሩ ካሉት ፍርድ ቤቶች አንዱ የያዘውን ጉዳይ ወደ ሌላው እንዲያዛውር ይፈቅዳል፤ ዋናው ምክንያት በዚያ ፍርድ ቤት ገለልተኛ ዳኝነት ማግኘት አለመቻል ነው። የ1988ቱ አዋጅም በፌዴራል ፍርድ ቤቶች መካከል ተመሳሳይ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ነገር ግን ይህ መዛወር የሚሠራው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ሥልጣን ካለው ፍርድ ቤት ወደ ሌላ ሥልጣን ወዳለው ነው። ከፌዴራል ወደ ከተማ፣ ወይም ሥልጣን ከሌለው ወደ ባለ ሥልጣኑ አይሻገርም። ሆስፒታል የሄደ በሽተኛ ክፍል ከተሳሳተ «ወደ ቤትህ ተመለስና አዲስ ካርድ አውጣ» አይባልም፤ ከነካርዱ ወደ ትክክለኛው ክፍል ይወሰዳል።

ሕጋችን የተቀዳበት ሕንድ ይህን ችግር ከእኛ በፊት አይታለች። የ1908ቱ ሕጓ አንቀጽ 24 ስለ ክስ ማዛወር ይደነግግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሻሻል ሥልጣን ከሌለው ፍርድ ቤትም ጉዳይ ሊዛወር እንደሚችል የሚናገር ንዑስ አንቀጽ ታከለበት። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 የወጣው የይርጋ ሕጓ ደግሞ ከሳሽ በቅን ልቦና በተሳሳተ ፍርድ ቤት የቆየበትን ጊዜ ከይርጋው ቀንሶለታል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው ሕግ ሥልጣን የሌለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳዩን ፍትሕ ከጠየቀ ወደ ሌላ እንዲያዛውር፣ ክሱም መጀመሪያ በተከፈተበት ቀን እንደተከፈተ እንዲቆጠር አድርጋለች። እኛ እናቲቱን ቀዳን እንጂ ልጇ ያደገበትን አላየንም።

የሕንዱ መፍትሔ ለጠመንጃ ያዥ ቤተሰብ ቢደርሰው ምን ይመስል ነበር? ሐዋሳ ያለችው እህት የድርሻ ክሱን በስሕተት ለከተማው ፍርድ ቤት አቀረበች። ዳኛው ሥልጣን እንደሌላቸው አዩ። መዝገቡን ዘግተው ከማሰናበት ይልቅ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይልካሉ፣ የከፈለችው የዳኝነት ክፍያም ተያይዞ ይሄዳል፣ የይርጋው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል። የጎደለ ክፍያ ካለ ታሟላለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ከዓመታት በኋላ ሥልጣን አልነበረውም ብሎ ሲደመድም ጉዳዩን ከነማስረጃው ወደ ትክክለኛው ፍርድ ቤት ይመልሳል፤ የተሰማው ምስክር፣ ካላስፈለገ፣ እንደገና አይሰማም። አንቀጽ 9 እንደ ነበረ ይቆያል። ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት ፍርድ አይሰጥም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ያልተማረው ከሳሽ ብቻ አይሆንም።

እዚህ ጋ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። መዝገብ ዝም ብሎ የሚዛወር ከሆነ ከሳሾች የሚመቻቸውን ፍርድ ቤት እየመረጡ ይከሳሉ፣ ካልተሳካ ይዛወርልኛል እያሉ። በተለይ በከተማው ፍርድ ቤት የቀጠሮ ጊዜ ያጥራል ተብሎ የሚታመን ከሆነ ወደዚያ መጉረፍ ይኖራል። ለዚህ መልሱ ቅን ልቦናን መመዘን ነው፤ ሕንዶችም አሜሪካኖችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሆን ብሎ የተሳሳተ ሰው የተቃራኒ ወገንን ወጪ ከፍሎ ይመለስ፣ መዝገቡም ይዘጋበት። በቅን ልቦና የተሳሳተው ይዛወርለት። ዳኛ ይህን መለየት ያቅተዋል ብዬ አላምንም፤ የክስ ማመልከቻ ሲነበብ ጸሐፊው ምን እያሰበ እንደጻፈው ብዙውን ጊዜ ይታያል።

ድሃው ከሳሽ ደግሞ በተለይ ይጠቀማል። የዳኝነት ክፍያ የማይችል ሰው ያለ ክፍያ እንዲከስ የሚፈቅደው አንቀጽ 467 አቤቱታውንና ቃለ መሐላውን፣ ማስረጃውንና ምርመራውን ይዞ የሚሄድ የራሱ ሥነ ሥርዓት ነው። ያን ሁሉ አልፎ ከተፈቀደለት በኋላ «ይህ ፍርድ ቤት አይደለም» ከተባለ፣ በድህነቱ ላይ የነበረው ክርክር ሳይቀር በአዲሱ ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይጀመራል። ቀደም ሲል ቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ብር የሚደርሰውን ክርክር በሠፈሩ ያይለት ነበር፤ የሠፈሩ ሽማግሌ ዳኛ ሆኖ ሲቀመጥ «የት ልክሰስ» የሚባል ጥያቄ ብዙም አይነሣም ነበር። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ወደ ፍርድ ቤት የገባ ጉዳይ በፍርድ ቤት በኩል በስምምነት እንዲታይ የሚያስችል የማስማማት ሥርዓትም አምጥቷል፤ መልካም ነው፣ ግን የሚጀምረው ጉዳዩ ትክክለኛው ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ይህን ማሻሻያ ለማውጣት ሕገ መንግሥታዊ እንቅፋት የለም፤ በአዲስ አበባ ያለው ጉዳይ በተለይ ቀላል ነው። የከተማው ቻርተርም፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅም የወጡት በአንድ ምክር ቤት፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ከከተማው ወደ ፌዴራሉ፣ ከፌዴራሉ ወደ ከተማው መዝገብ የሚያሻግር አንድ አንቀጽ በአንድ ቀን ሊታወጅ ይችላል። ደብረ ብርሃን ያለው ቤት ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች የራሳቸው አቋም አላቸው፤ ከልደታ ወደ ደብረ ብርሃን መዝገብ ለመላክ የፌዴራል አዋጅ ብቻ አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶችን የፌዴራል ጉዳይም በውክልና እንዲያዩ ስላደረገ የሚያገናኝ ድልድይ አለ፤ ነገር ግን ድልድዩ የሚያገለግለው ለፌዴራል ጉዳይ ነው፣ የአንድ ቤት የድርሻ ክርክር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የክልሉ ነው። እዚያ ላይ የክልሉ ምክር ቤትም የራሱን አንቀጽ ማውጣት ይኖርበታል፤ ሁለቱም እስኪያወጡ ድረስ የሐዋሳዋ እህት ጠበቃ ክሱን አንዴ ልደታ፣ አንዴ ደብረ ብርሃን ማስገባቱን ይቀጥላል።